«ነርቩ የወጣ ጥርስ ሰውነትን ይመርዛል» ለሚለው እርማት
እህቴ፣ «ሩት ካናል (ነርቩን አውጥቶ ጥርሱን የማትረፍ ሕክምና) የተሠራ ጥርስ ሰውነትን ይመርዛል፣ ቢነቀል ይሻላል» ያልሽው ልክ አይደለም። ወሬው የቆየ ነው። ከ100 ዓመት በፊት ገደማ ዌስተን ፕራይስ የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም የተነቀሉ ጥርሶችን ጥንቸል ቆዳ ሥር እየቀበረ ሞከረ። ጥንቸሎቹ ታመሙ። ግን ጥርስ ሲነቀል የድድ ባክቴሪያ ይዞ ይወጣል! በኋላ በጥንቃቄ የተሠሩ ሙከራዎች ያንን ውጤት አላገኙም።

ሕክምናው የተበከለውን ነርቭ ያወጣል፣ ነርቩ የነበረበትን የጥርስ ሥር ቦይ አጥቦ ሞልቶ ይዘጋል። ኢንፌክሽኑን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። አንዳንዴ ሳይሳካ ቀርቶ ይደገማል፤ ይሄ እውነት ነው።

የአፍ ችግር ሌላውን ሰውነት ይነካል ወይ ካልሽ፣ ለምሳሌ ከስኳር በሽታ ጋር ግንኙነቱ በጥናት በደንብ የታየው የድድ በሽታ ነው። ስትቦርሺ የሚደማው ድድሽ ይበልጥ ያሳስበኛል። እባክሽ፣ ሊተርፍ የሚችል ጥርስ በወሬ አታስነቅዪ። መጀመሪያ ራጅ ተነሺ።