ከምስክር ወረቀቱ በኋላ አስተማሪውን ማን ይሰማዋል?

የሦስት ቀን ሥልጠና ወስጄ፣ ምስክር ወረቀት ተቀብዬ፣ በሳምንቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እንድመራ ተመደብኩ። የመረጥኩት ኤርምያስ 29፥11ን ነበር። ፈተና የሚጠብቁ ተማሪዎችና ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች ተቀምጠው ስለነበር «የሰላም አሳብ» ለእነርሱ እንደታሰበ ሞቅ አድርጌ አስተማርኩ። ስጨርስ አንዲት እናት «ልጄ፣ ደብዳቤው የተጻፈው ለማን ነው?» አሉኝ። ለባቢሎን ምርኮኞች መሆኑን አላስተዋልኩም ነበር፤ እዚያው አንድ ቁጥር ከፍ ብሎ ሰባ ዓመት እንደሚጠብቁ መነገሩንም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ባስተማርኩባቸው ሁለት ዓመታት መጥቶ የሰማኝ ኃላፊ አልነበረም።

በወንጌላውያን አጥቢያዎቻችን ሥልጠናማ ሞልቷል፤ አዳራሹም፣ ደብተሩም፣ ምሳውም። ሥልጠናው ሲያልቅ ግን አስተማሪው ብቻውን ይቀራል። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቶች ከአገሪቱ ሕዝብ 10 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ1999ኙ ከ18 በመቶ አለፉ። ይህን ሁሉ ምእመን በነገረ መለኮት ምሩቃን ብቻ ማዳረስ ዘበት ነው። ሕጻናቱንም ሆነ የቤት ለቤት ጥናቱን የያዙት ነርሷ፣ ነጋዴውና ሒሳብ አስተማሪው ናቸው፤ ደክሟቸው ከሥራ የሚመጡ ሰዎች።

ቅር የሚለው ቢኖርም እላለሁ፦ የመጻሕፍት ትርጓሜ ከሚሰጥበት ከኦርቶዶክስ ጉባኤ ቤት እንማር። እዚያ ተማሪው ያነብባል፣ መምህሩ «አንድም» (ሌላም ፍቺ አለው) እያለ ይተረጉማል፣ ተማሪዎቹ ተሰብስበው የሰሙትን ይቀጽላሉ፣ ማለትም እየደገሙ ያጠናሉ፤ የሳተ ይታረማል። ዓመታት ይፈጃል። በትርጓሜው ልንለያይ እንችላለን። ሆኖም በመምህር ፊት ሳይታረም ወንበር የሚዘረጋ፣ ማለትም ማስተማር የሚጀምር የለም፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ወንበሩ ቀድሞ ይዘረጋል።

የእኛ አጥቢያ ዓመታት ይቅርና አንድ ምሽት ቢመድብ ይበቃኛል። እሑድ የሚያስተምሩት ማክሰኞ ማታ ከአንድ በሳል ሽማግሌ ጋር ይቀመጡ፤ ክፍሉን ከላይ እስከ ታች ያንብቡ፤ አንዱ ዐሥር ደቂቃ ያስተምር፣ ሌሎቹ የእኒያን እናት ጥያቄ ይጠይቁት። ወጪው ሻይ ነው።

«ጸጋ ያለውን ሰው ምን ታስጨንቁታላችሁ» የሚል መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። በሐዋርያት ሥራ 18 የምናነበው አጵሎስም በመንፈስ የሚቃጠል፣ በመጻሕፍት እውቀት የበረታ ሰው ነበር። ጵርስቅላና አቂላ ግን በምኩራብ ሲናገር ሰምተው ዝም አላሉትም፤ ወደ እነርሱ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ ከፊት ይልቅ በትክክል ገለጡለት። ባልና ሚስቱ ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ።