ሻጋታን በቀለም መሸፈን ይብቃን

ጳጉሜን ሲደርስ ደሴ ላይ ብዙ ቤት ቀለም ይቀባል። ዓመት በዓል ነዋ! አከራዩም አዲስ ተከራይ ከመግባቱ በፊት ግድግዳውን አንድ እጅ ያስነካዋል። ቤት ማሳመሩ ደስ ይላል፤ ወቅቱ ግን ልክ አይደለም። ሐምሌንና ነሐሴን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ የከረመ ግድግዳ በጳጉሜን ገና እርጥብ ነው። እዚያ ላይ ቀለም ስንቀባ እርጥበቱን ቆልፈንበት ነው የምንሄደው። ብዙም ሳይቆይ ቀለሙ ያብጣል፣ ይላጣል። ያው የሻጋታው ጥቁር ነጠብጣብ ተመልሶ ብቅ ይላል።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ክረምት ላይ ጉሙ ቶሎ አይገፈፍም። ከጉሙ የባሰ የሚጎዳን ግን የቤቶቻችን አሠራር ነው። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ ብዙ ሰው አፈሩን ቆርጦ ነው የሚሠራው። የጓሮው ግድግዳ ከተቆረጠው አፈር ጋር ይጣበቃል። ከላይ የሚወርደው ውሃ ሌላ መውጫ ካላገኘ በዚያው ግድግዳ ይገባል።

እንዲህ ያለ ቤት ከገጠማችሁ የኋላ ክፍል ግቡና ቁም ሳጥኑን ሳብ አድርጉት። የጀርባው ችፑድ አብጧል። ጥቁሩ ነጠብጣብ ከወለሉ ተነስቶ እስከ ጉልበት ድረስ ወጥቷል። ታች የተቀመጠው የቆዳ ጫማ አረንጓዴ ብናኝ ለብሷል። የታጠፈው ጋቢ እምክ እምክ ይላል። ይህን ያየ እንግዳ ደግሞ የቤቱን እመቤት ያማል፤ "ንጽሕና የላትም" ይላል። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቤቷን በቀን ሁለቴ የምታጸዳ ሴት ግድግዳዋ ውሃ ካስገባ ምን ታድርግ? የሻጋታ ዘር ሁሌም አየር ላይ አለ፣ የማንም ቤት ይገባል። የሚበቅለው ውሃ ካገኘ ብቻ ነው።

ጎረቤታችን ኮምቦልቻ ወረድ ያለችና ሞቅ የምትል ስለሆነች የራሰው ነገር ቶሎ ይደርቃል። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ግን እዚያም አይተርፍም።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይታወቅ። ወጪ የሌለው መንገድ አለ። ንጹሕ ፕላስቲክ ቆርጣችሁ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በስኮች ለጥፉት። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ እዩት። ጠብታው ከፕላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ውሃው ከግድግዳው ነው የሚመጣው። ፊት ለፊት ከሆነ ከክፍሉ አየር ነው። ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ካያችሁ ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ከሟሟ ጨው ነው። ጨውም ቢሆን ግድግዳው ውስጥ ውሃ እንደሚመላለስ ያሳብቃል።

ጣጣው የክፍሉ አየር ከሆነ መፍትሔው እጃችን ላይ ነው። "ንፋስ ይመታናል" ብለን በርና መስኮት ዘግተን እናበስላለን፤ ልብስም ቤት ውስጥ እናሰጣለን። ያ ሁሉ እንፋሎት መሄጃ ሲያጣ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ዝናቡ ጋብ ሲል መስኮት ይከፈት። ቁም ሳጥኑና አልጋው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቁ። የራሰ ምንጣፍም ሆነ ፍራሽ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይድረቅ። ቤት ለማድረቅ ብሎ ከሰል አቀጣጥሎ በር መዝጋት ግን በፍጹም አይሞከር። ከከሰሉ የሚወጣው የማይታይ ጋዝ ሰው ይገድላል።

ውሃው ከግድግዳው ከሆነ ግን መስኮት መክፈት ብቻውን አያድንም። የጓሮው አፈር ተገፍቶ ቦይ ይውጣለት። አሸንዳው ይጠገን፤ ውሃውን ከመሠረቱ አርቆ ያፍስስ። የጭቃ ቤት በሲሚንቶ መለሰንም ብዙ ጊዜ ጉዳት አለው፤ ሲሚንቶው የጭቃውን እርጥበት አፍኖ ይይዘዋል። ኖራ ያስተነፍሰዋል።

አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የማይሞላ ሻጋታ በሳሙናና በውሃ ታሽቶ፣ በደንብ ከደረቀ ይበቃል። ጓንትና ማስክ ይደረግ። በረኪና የሚጠቀም ሰው ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር እንዳይቀላቅለው፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። የሻገተ ኮርኒስ ይነሳ፤ ታጥቦ አይጠራም።

ነገሩ የግድግዳ ውበት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ የቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ከአስምና ከሌሎች የመተንፈሻ አካላት ችግሮች ጋር እንደሚያያዝ ጽፏል። እንግሊዝ ሮችዴል ከተማ ውስጥ አዋብ ኢሻቅ የተባለ የሁለት ዓመት ሕፃን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ሞተ። ምክንያቱ የሚኖርበት የኪራይ ቤት ሻጋታ እንደሆነ በምርመራ ተረጋገጠ። አባትየው ከዓመታት በፊት ለአከራዩ አቤት ሲል የተሰጠው መልስ "ቀለም ቀባበት" የሚል ነበር። እዚያ በልጁ ስም ሕግ ወጣ። የማኅበራዊ ቤቶች (በዝቅተኛ ኪራይ የሚሰጡ ቤቶች) አከራይ እንዲህ ያለውን ችግር በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መርምሮ እንዲጠግን ያስገድዳል።

እኛ ጋ ተከራዩ ተናገረ ማለት "ካልተመቸህ ልቀቅ" ተባለ ማለት ነው። ቤት ማግኘት ከባድ ስለሆነ ዝም ይላል፤ ልጆቹ ሲያስሉ ያድራሉ። አከራዮችም ቢሆኑ እየከሰሩ ነው። በየዓመቱ ለቀለም የሚያወጡት ብር ተጠራቅሞ ለጓሮ ቦይ ይበቃ ነበር። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ጊዜ ቦዩን ይቆፍሩ፣ ጣሪያውን ያስጠግኑ፣ ግድግዳው ይድረቅ፤ ቀለሙ ከዚያ ይቀባ።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ወረቀቱ ላይ ሁሌም የሚጻፈው የብሩ ነገር ነው። አንድ መስመር ይጨመርበት፦ ጣሪያ ቢያፈስ፣ ግድግዳ ውሃ ቢያስገባ ማን ያስጠግናል፣ በስንት ቀን ውስጥ?