እርማት፦ ቋንጣ ቢታሸግም ፍራንክፈርት አይገባም

«ቋንጣው ከደረቀና በደንብ ከታሸገ፣ ለራስህ መብል እስከሆነ ድረስ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ላይ ማንም አይነካህም» ላልከው ወንድሜ፦ ይሄ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር የኖረ ስህተት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሥጋና የወተት ውጤት ከመንገደኛ አይቀበልም። ትንሽ ቢሆንም፣ ለግል ቢሆንም ያው ነው። የእናትህ ንጥር ቅቤና አይብም እዚሁ ውስጥ ናቸው (ያሳዝናል፣ አውቃለሁ)። የሚፈሩት እንደ አፍተግር ያለ የከብት በሽታ እንዳይገባባቸው ነው፤ ማሸጊያ ያንን አይፈታውም።

ብዙ ሰው የሚያምታታው 430 ዩሮውን ነው። እሱ በአውሮፕላን ለሚመጣ አዋቂ ቀረጥ የማይከፈልበት የዕቃ ዋጋ ጣሪያ ነው፤ የምግብ ፈቃድ አይደለም።

ማር ግን እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። በርበሬና ሽሮም የእንስሳት ውጤት ስላልሆኑ ይሄ ክልከላ አይነካቸውም።