የጎጃም ሰዎች ሆይ፣ ከምህላው በፊት አንደበታችሁን አንጹ

ወገኖቼ፣ እንጸልያለን። ይህን ማንም አይክደንም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጎጃም ውስጥ ምህላ ያልተያዘበት ደብር ያለ አይመስለኝም። ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ፣ ከሞጣ እስከ ፍኖተ ሰላም እናቶች ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ይሰግዳሉ። እግዚኦታው 41 ይሞላል፣ እንደገና ይጀመራል። መንገዱ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ለቅሶ ያልገባበት ሰፈር የለም። በጥር 2016 መራዊ ላይ የተገደሉትን ሰላማዊ ሰዎች ማን ይረሳል? በታኅሣሥ 2013 መተከል ቡለን ወረዳ በአንድ ጥቃት ያለቀውን ከ100 በላይ ሰውስ? አማራው፣ ኦሮሞው፣ ሺናሻው አብረው ነው የወደቁት።

በዘራችን ተገደልን፣ በዘራችን ተፈናቀልን እያልን እንጮኻለን። ጩኸታችን እውነት ነው። መቼም አልተወውም፣ እናንተም አትተዉት።

ዛሬ የምወቅሰው ግን እኛን ነው።

ሰውን በተወለደበት መናቅ ግፍ ከሆነ፣ እኛ ስናደርገው ባህል የሚሆነው በምን ሂሳብ ነው? ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እንድንል ማን ፈቀደልን? ቀጥቃጩን «ጠይብ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ»፣ መልኩ ጠቆር ያለውን «ባሪያ»፣ ጉሙዙን «ሻንቅላ» እያልን ማታ ማታ ዳዊት እንደግማለን። በአንድ አፍ!

«ኧረ ተው፣ ይኼ እኮ ድሮ ቀርቷል» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አልቀረም። ቅዳሜ ገበያ ውጡና ሸክላ ተራውን እዩት። ብዙ ጊዜ ከገበያው ዳር ነው፣ ጥላ የሌለበት። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ጀበና ልትገዛ መጣች። ሸክላ ሠሪዋ ፊት ስትደርስ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ የልጇን ፊት ሸፈነች። ዓይን እንዳይበላው ነው። ከዚያ ጀበናዋን በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምጿን አዳመጠች፣ ዋጋ ተከራከረች፣ ከፍላ ሄደች። ሸክላ ሠሪዋ ነጠላው ሲሳብ አይታለች። ምንም አላለችም። አንገቷን ደፍታ ብሩን ቆጠረች። እሷም እናት ናት፣ ልጇ ከማሰሮዎቹ መካከል ተኝቷል። ማግስቱ እሑድ ነው። ሁለቱም «አቤቱ ማረን» ሊሉ ወደ አንድ አጥቢያ ይመጣሉ።

ልጅ ሲታመም ደግሞ ይብሳል። ወባ የጣለውን ልጅ ጤና ጣቢያ ከማድረስ በፊት «ማን በላው?» ይባላል። ጭስ ይጨስበታል፣ በትኩሳት የሚቃዥ ልጅ «ተናገር» ይባላል። የአንዷ ምስኪን ስም ይወጣል። ልጁ ቢድን «ተለቀቀ»፣ ቢሞት «በላችው» ነው። በሁለቱም እሷ ጥፋተኛ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳት የሚጫጫራት ጎረቤት የለም። ይህ ፍርድ በየትኛው ወንጌል ተጽፏል?

ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ካህኑ የሚያሳልማችሁ መስቀል የአንጥረኛ ሥራ ነው። ጽናው፣ ቃጭሉ፣ ጽናጽሉ እንደዚያው። የከበሮው ቆዳ የተለፋው በዚያ «ፋቂ» ባላችሁት እጅ ነው። የምትሳለሙት ወንጌል የተጻፈበት ብራና ቆዳ ነበር፣ አንድ ሰው ወጥሮ ፍቆታል። ትከሻችሁ ላይ ያለው ነጠላ ከሸማኔ ጉድጓድ የወጣ ነው። ለዝክር የምትጋግሩት ጤፍ የታረሰው ቀጥቃጩ ባበጀው ማረሻ ነው። በዋሸራና በጎንጅ ቅኔ የምንኮራ ሰዎች ነን፣ ደግም ነው የኮራነው። መስቀሉን የሠራውን ሰው ግን ወደ ማዕዳችን አናቀርበውም። እጁን የምንጸየፈው ከሆነ የሠራውን መስቀል በምን አፋችን እንስመዋለን?

የናዝሬት ሰዎች ጌታችንን የናቁት በምን ነበር? ማርቆስ ምዕራፍ 6ን ክፈቱ። ጸራቢው የማርያም ልጅ አይደለምን አሉ። እናቱን እናውቃታለን፣ ወንድሞቹን እናውቃቸዋለን አሉ። በሙያውና በቤተሰቡ ነው የመዘኑት። ተሰናከሉበት። ወንጌላዊው ቀጥሎ የጻፈው ያስፈራኛል። በዚያች ከተማ ጥቂት ድውዮችን ከመፈወስ በቀር ተአምር አላደረገም። ጌታ በመካከላቸው ቆሞ ሳለ ንቀታቸውና አለማመናቸው በረከቱን ከለከላቸው። እኛ ተአምር እየጠበቅን ነው። ሰላም እንዲወርድ፣ ልጆቻችን እንዲመለሱ በየቀኑ እንለምናለን። የናዝሬት ሰዎች የዘጉትን በር እኛም እንደዘጋነው አይታያችሁም?

ሌላም አለ። ኦሪት ዘኍልቍ 12ን እንወደዋለን። ሙሴ ኢትዮጵያይቱን አገባ፣ እህቱ ማርያምና ወንድሙ አሮን በእሷ ምክንያት አሙት፣ እግዚአብሔር ተቆጣ። ማርያም ለምጽ ወጣባት። 7 ቀን ከሰፈር ውጭ ተዘግታ ተቀመጠች። ሕዝቡም እሷ እስክትመለስ አልተጓዘም። ልብ በሉ፣ በአንድ ቤተሰብ ሐሜት ሕዝብ በሙሉ ቆመ። ይህን ስናነብ ሁልጊዜ ራሳችንን በኢትዮጵያይቱ ቦታ እናስቀምጣለን። ተናቅን፣ እግዚአብሔር ፈረደልን እንላለን። የጉሙዟ ልጅ ስታነበውስ? እሷ እኛን የምታየን በማርያምና በአሮን ቦታ ነው። እውነቷን ነው።

በግንቦት 2012 ሚኒያፖሊስ ከተማ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ጉልበት ስር ታፍኖ ሲሞት ብዙዎቻችን አልቅሰናል። ፕሮፋይላችንን ጥቁር አደረግን፣ ፖስት አደረግን። ተገቢ ነበር። ያንኑ ቪዲዮ እያጋራ የሚያዝን ወጣት የሰፈሩን ልጅ «አንተ ባሪያ» ብሎ ሲጠራው ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጁ ዞር አለ፣ ስሙ የሆነ ያህል ለምዶታል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። ሰኔ 24 ቀን የሚታሰበው ቅዱስ ሙሴ ጸሊም ባሪያ የነበረ ጥቁር ሰው ነው። ስንክሳሩ ሲነበብ «በረከቱ ይደርብን» እንላለን። ከቅጥሩ ስንወጣ በእሱ መልክ የተወለደውን እንሰድባለን።

ይህ ስድብ ባዶ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፣ ታሪክ አለው። ከምዕራብ ጎጃም ቆላ ጉሙዞች እየታደኑ ተሸጠዋል። የደጋው ጌታ ቤት እህል ሲፈጭ፣ ውኃ ሲቀዳ የኖረ ሰው ነበር፤ ስሙን እንኳ ጌታው ነው ያወጣለት። የገዳማት አገር በምንላት በዘጌም ቡናው በባሪያ ጉልበት ለምቷል። ፍትሐ ነገሥት ራሱ ሰው በተፈጥሮው ነጻ ነው፣ ባርነትን ያመጣው ጦርነት ነው ይላል። አባቶቻችን እያነበቡት ሸጡ፣ ገዙ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ሲከለክሉ ሁሉም የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑን አስታውሰዋል። ባርነትም በ1934 ዓ.ም. በሕግ ተሻረ። አዋጁ ባሪያውን ነጻ አወጣው፤ እኛ ደግሞ ስድቡን ለልጅ ልጁ አወረስነው።

ጣና ዳርም እንሂድ። ነገደ ወይጦ የደንገል ታንኳ ሠርተው፣ ዓሣ አጥምደው የኖሩ የሐይቁ ሰዎች ናቸው። አማርኛ ይናገራሉ፣ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። «ታዲያ ከእኛ ጸሎት ጋር ምን አገናኛቸው?» እንዳትሉ። ጌታችን «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ብሎ ለጠየቀው ሕግ አዋቂ የነገረውን ታውቃላችሁ። በታንኳቸው እንግዳ ፎቶ እናስነሳለን። ዓሣቸውን እንበላለን። «ጉማሬ በላ» እያልን ግን በጠጡበት ብርጭቆ አንጠጣም።

ከሁሉ የሚከብደው ጋብቻው ነው። እዚህ ላይ የተማረውም ያልተማረውም እኩል ነን። በቅርብ የማውቀው ቤት ሽማግሌ ተላከ። ልጁ የጤና ባለሙያ፣ ልጅቷ መምህርት፣ ሁለቱም በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ጠላ ተቀድቷል፣ ቀን ሊቆረጥ ነው። ከጓዳ በኩል አንዲት አሮጊት «አጥንቱ ምንድን ነው?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገ። የልጁ አያት ሸክላ ይሠሩ እንደነበር ተነገረ። በቃ። «እናስብበት» ተባለና ሰው ተበተነ። ያ «እናስብበት» እስከ ዛሬ አልታሰበበትም። በአንድ ጥምቀት ተጠምቀዋል፣ ከአንድ ጽዋ ቆርበዋል። የክርስቶስ ደም አንድ ያደረጋቸውን የአያት ሙያ ለያቸው። አባትየው እሑድ ከቅድስቱ ፊት ቆመው ሲያስቀድሱ አየኋቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ለተራበ የሚያበሉ፣ ለታሰረ የሚዋሱ ናቸው። ለዚህ ነው የማለቅሰው። ደግ ሰዎች ነን፣ ይህን አንድ ነገር ግን ኃጢአት ነው ብሎ የነገረን የለም።

እናንተ ካህናት አባቶቼ፣ ጉልበታችሁን ስሜ ልናገራችሁ። ለምን አትነግሩንም? ስለ ጾም ትነግሩናላችሁ፣ ስለ አሥራት ትነግሩናላችሁ። ንስሐ ስንገባ «ሰው ሰድበሃል ወይ?» ትላላችሁ። «ሰውን በአጥንቱ ንቀሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁን። ከቡዳ ያድናል እያለ ክታብ ጽፎ የሚሸጠውን ደብተራም ገሥጹት። በዚያች ሴት ስም ነው እንጀራ የሚበላው።

በቅዳሴው መካከል ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» ይለናል፣ በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ። ያን ጊዜ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እጅ እንነሳለን። እስኪ በሚቀጥለው እሑድ ዓይናችሁ የት እንደሚያርፍ አስተውሉ። ዘመዳችሁን፣ ጎረቤታችሁን፣ ባለሥልጣኑን ትፈልጋላችሁ። በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆመውን ቀጥቃጭ ማን ዞሮ እጅ ነሳው? እሱ ግን ለሁላችንም ይነሳል።

«ጊዜው ነው ወይ? ሰው እያለቀ ስለ ሸክላ ሠሪ ታወራለህ?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ጊዜው ነው። ሰው እያለቀ ያለው ሰውን ከመስማት በፊት ዘሩን መጠየቅ ስለለመድን ነው። ያን ጥያቄ ልጆቻችን የተማሩት ከእኛ ማዕድ፣ ከእኛ ጋብቻ፣ ከእኛ ጨዋታ ነው። ጎረቤቱን «ሰው አይደለም» ሲባል እየሰማ ያደገ ልጅ፣ ጠመንጃ ሲይዝ ማን ሰው እንደሆነ በምን ያውቃል? በኢሳይያስ አፍ እግዚአብሔር ልመናን ብታበዙ አልሰማችሁም ያለው መሥዋዕቱ ጎድሎበት አልነበረም። መሥዋዕቱ ሞልቶ ነበር። ቀጥሎ ያዘዘው ምን ነበር? ታጠቡ፣ ፍርድን ፈልጉ፣ የተገፋውን አድኑ።

ስለዚህ በዚህ ሱባኤ እንዲህም ብለን እንለምን፦

አቤቱ በጸራቢ ቤት ያደግህ ጌታ ሆይ፣ በተወለዱበት የናቅናቸውን አንተ ታውቃቸዋለህ። በሐሰት «በላች» ያልናትን፣ ከጽዋችን ያራቅነውን፣ ልጃችንን የነሳነውን። ስለ እኛ የፈሰሰውን ደም ስንጠይቅህ እኛ ያስለቀስነውን እንባ አታሳልፍብን፣ አስታውሰንና እንክሰው። በዘራቸው የተገደሉትን ሁሉ፣ የእኛንም የሌላውንም፣ በመንግሥትህ አስባቸው። ገዳዩንም ወደ ልቡ መልሰው።

ይህን ጸሎት ለማድረስ ግን ወንጌሉ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። መባህን በመሠዊያው ፊት ተውና አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። ሰፈራችሁ ውስጥ ስሟ ተጠርቶ የተገለለች ሴት ካለች፣ ምህላው ከመጀመሩ በፊት የንስሐ አባታችሁንና ሁለት ሽማግሌ ይዛችሁ ቤቷ ሂዱ። በስሟ ጥሯት። በድለንሻል በሏት። ንብረቷ ጠፍቶ ከሆነ ካሱ። እሑድ ለሰንበቴው ጥሯት፣ በዚያው ዋንጫ ይቀዳላት፣ ከእሷም ቀጥላችሁ ጠጡ። አልመጣም ብትል አትቆጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳችሁ ሂዱ።