ሰሃን የምታክል ቦታ

አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከኦሮራ ከተማ ወደ ምሥራቅ ወጣ ብሎ የአንድ የሥራ ባልደረባዬ ወዳጅ የከብት ግጦሽ መሬት አለው። በአንደኛው ጠርዝ የአፈር ጉብታ ቆሟል። ቅዳሜ ጠዋት ከባልደረባዬ ጋር እዚያ ሄደን ተኩስ እንለማመዳለን። ባልደረባዬ ስድሳዎቹን ያጋመሰ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በኮሎራዶ ተራሮች ያደነ። መጀመሪያ የወሰደኝ ቀን ክብ ክብ የተሳለበት ዒላማ አልሰቀለልኝም። የወረቀት ሰሃን እንጨት ላይ በሚስማር መታና፣ "አንተን የሚመለከትህ ይቺ ቦታ ብቻ ናት፤ ሌላውን የእንስሳውን አካል እርሳው" አለኝ።

እዚህ የምናድነው ኤልክ የሚሉትን ነው። ዝርያው ከእኛ አጋዘን ይለያል፤ ግን ለቤተሰቤ ስነግራቸው አጋዘን ነው የምለው። ወንዱ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከዚያ ሁሉ ሥጋና አጥንት ውስጥ ልብና ሳንባ ያሉበት ቦታ ትንሽ ነው። ጎኑን ሰጥቶህ ሲቆም የፊት እግሩን ተከትለህ ወደ ላይ ትወጣለህ፤ ከደረቱ ሥር ሲሶ ያህል ከፍ ስትል፣ ከብብቱ ትንሽ ወደ ኋላ፣ እዚያ ነው። ወደ ኋላ ካለፍክ ጨጓራ ታገኛለህ። ጨጓራው የተመታ እንስሳ ወዲያው አይሞትም። ለሰዓታት እየተሠቃየ ይሄዳል፤ አንዳንዱን ጭራሽ አታገኘውም።

ይህን ለአጎቴ በስልክ ነገርኳቸው። አጎቴ ሰማንያን አልፈዋል። አሁን አዘዞ ነው የሚኖሩት፤ ያደጉት ግን ታች አርማጭሆ፣ ከሳንጃ አካባቢ ነው።

"ወረቀት ነው የምትተኩሰው?" አሉኝ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"በቀን ስንት?"

"ሃያም ሠላሳም።"

ትንሽ ዝም አሉ። "እኛ በዓመት ያንን ያህል አንተኩስም ነበር፣ ልጄ።"

የአባታቸው ጠመንጃ ውጅግራ ነበር። ውጅግራ የፈረንሳዮቹ ግራ የተባለው ጠመንጃ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት። ካዝና የለውም። አንድ ጥይት ታጎርሳለህ፣ ትተኩሳለህ፣ ቀለሁን አውጥተህ እንደገና ታጎርሳለህ። እስከዚያ አውሬው ጫካ ገብቷል፤ ወይም አንተው ላይ መጥቷል። ጥይቱም ገንዘብ ነው። ስለዚህ አጎቴ ልጅ ሳሉ ልምምዳቸው ያለ ጥይት ነበር። አባታቸው የሸክላ ገል ዛፍ ላይ ሰቅለው፣ አጎቴ በባዶ ጠመንጃ እያነጣጠሩ ቃታ ሲስቡ ከጎን ሆነው አፈሙዙን ያዩ ነበር። አፈሙዙ ከተንቀጠቀጠ እንደገና። ጥይት የሰጧቸው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ባልደረባዬም ይህንኑ አደረገብኝ። ሳላይ ከደህና ጥይቶች መሐል የተተኮሰ ቀለህ ደባልቆ አጎረሰልኝ። ቃታውን ስስብ "ቀጭ" ብቻ አለ፤ አፈሙዙ ግን አንድ ክንድ ያህል ወደ ታች ወረደ። ጠመንጃው ሊመታኝ ነው ብዬ ቀድሜ እየደነበርኩ ኖሯል። ያን ቀን ሌላ ጥይት አልሰጠኝም። "ቤትህ ሄደህ አንድ ሳምንት በባዶ ሳብ" አለኝ። አርማጭሆና ኮሎራዶ በዚህ ይስማማሉ። በጣም ደስ አለኝ።

የማይስማሙበት ሌላ ነው።

እኛ ዘንድ ክብሩ ያለው ግዳይ ላይ ነው። አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ሰው ቅቤ ይቀባል፣ ይፎከርለታል። ዝሆን የገደለ በጆሮው ሎቲ ያደርግ ነበር። ልጅ ሆኜ ቀረርቶና ፉከራ ስሰማ አውሬው ምን ያህል እንደሚያስፈራ፣ ገዳዩ ምን ያህል ጀግና እንደሆነ ይነገራል። ጥይቱ የት ላይ እንዳረፈ፣ አውሬው ስንት ሰዓት እንደተሠቃየ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ከድሮም ዓይናችን የጠመንጃው ጉልበት ላይ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በጥይት ፋንታ የሞራ ሻማ አጉርሶ ሦስት ጋሻ መብሳቱን ጽፏል። የቤተ መንግሥቱን ሰዎች ያስደነቀው እሱ ነበር።

እዚህ ደግሞ ገና ሳትገድል ነው የምትጠየቀው። በኮሎራዶ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ጀምሮ የተወለደ ሰው የአዳኝነት ትምህርት ሳይወስድ ፈቃድ አያገኝም። ለኤልክ ከተወሰነ መጠን ያነሰ ጥይት መተኮስ አይፈቀድም። ከሩቅ የሚታይ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ልብስ ግዴታ ነው። ገድለህ ቀንዱን ብቻ ቆርጠህ፣ ሥጋውን ጥለህ ብትሄድ ትከሰሳለህ። ክፍል ውስጥ በሥዕል የሚያስተምሩት ደግሞ መቼ መተኮስ እንደሌለብህ ነው። ፊቱን ወደ አንተ ካዞረ አትተኩስ፤ ፍሪምባውና የትከሻው አጥንት ይከልላሉ። ታፋውን ካዞረልህ አትተኩስ። ጭንቅላቱን አትሞክር፤ ትንሽ ከሳትክ መንጋጋውን ሰብረህ በረሃብ ትገድለዋለህ። ጎኑን ሲሰጥህ፣ ወይም ከአንተ ትንሽ ዘወር ብሎ ሲቆም ብቻ።

ግን አጎቴ ይህን አያውቁም ማለት አይደለም። ስለ ደሙ ስጠይቃቸው ከክፍሉ አስተማሪ ባልተናነሰ ነገሩኝ። አረፋ ያለው ፈካ ያለ ደም የሳንባ ነው። ጠቆር ያለው የጉበት። ፈርስ የሚሸት ከሆነ ቁጭ በል፣ አትከተለው፤ ከተከተልከው ይነሳና ይርቅብሃል። እውቀቱ ነበረ። በፉከራው ውስጥ ቦታ አልነበረውም እንጂ።

አንድ ነገር ላይ አጎቴ ይበልጣሉ ባይ ነኝ፤ መቅረብ ላይ። እዚህ የጠመንጃው መነጽር የአራት መቶ ሜትሩን እንስሳ አፍንጫህ ሥር ያመጣዋል። ብዙ ሰው በመሣሪያው ተማምኖ ከሩቅ ይተኩሳል። አጎቴ ዓይኑን ያላዩትን አጋዘን አይተኩሱም ነበር። አፈር በጣታቸው ቆንጥረው እየለቀቁ ነፋሱን ያያሉ፣ ጫማ ያወልቃሉ፣ ይሳባሉ። የውጅግራው ነገር ሆኖ መቅረብ ግድ ነበር። ለእንስሳውም የሚሻለው እሱ ነው።

የቀረቡበት ሌላም ምክንያት አለ። ሮጠው ደርሰው፣ ነፍሱ ሳትወጣ "በስመ አብ" ብለው ማረድ አለባቸው። ካልደረሱ በክት ነው፤ አይበላም። ይህ ነገር እኔን ብዙ አስጨንቆኛል። የመጀመሪያውን ኤልክ ስመታ ልምምዱ ሠርቶ ጥይቱ ሁለቱን ሳንባ አልፎ ወጣ። ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄዶ ወደቀ። ባልደረባዬ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ ይላል። እኔ ቢላዬን ይዤ ሮጥኩ። ስደርስ ሞቷል። "በስመ አብ" ብዬ አረድኩት፤ ግን ዘግይቻለሁ። ሥጋውን ፍሪጅ አስገብቼ ሦስት ቀን ሳልነካው ቆየሁ። አጎቴ ጋ ደወልኩ።

"ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው?"

"አዎ።"

"ያመሰኳል?"

"ያመሰኳል፣ ጋሼ።"

"ደሙ ፈሷል?"

"ብዙ ፈሷል።"

"እንግዲህ የንስሐ አባትህን ጠይቅ። እኔ ግን ቶሎ መሞቱን ወድጄዋለሁ።"

ይህን ከእሳቸው አፍ እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅኩም።

አሁን ጎንደር ዙሪያ ተኩስ ሲሰማ ስለ አጋዘን የሚያስብ የለም። ይህን ስጽፍ ያመኛል። አውሬ ያለ ፈቃድ መግደል በሕግ የተከለከለ ነው፤ መሆንም አለበት። ዋልያ በዓለም ላይ ያለው የሰሜን ተራሮች ላይ ብቻ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ ቢመዘገብም ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር። ዋልያ ላይ ልምምድ የለም፣ ዒላማም የለም። ይተውልን።

መናገር የምፈልገው ግን ስለ ሠርግና ለቅሶ ተኩስ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ ሠርግ ነበር። ሙሽራው ሲገባ ወደ ሰማይ ተተኮሰ። ሁለት ቤት አልፎ፣ ግቢዋ ውስጥ እህል የምታሰጣ ልጅ ትከሻዋን ያዘች። ጥይቱ ከላይ ወርዶ ነው የመታት። ዳነች፤ እጇ ግን ዛሬም ከፍ አይልም። ማን እንደተኮሰ አልታወቀም። ማንም ዒላማ አልነበረውምና የሳተም ሰው አልተገኘም። እዚህ በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቁህ "ከዒላማው ጀርባ ምን አለ?" ብለው ነው። የአፈር ጉብታው የቆመው ለዚህ ነው። ሰማይ ጉብታ የለውም። ውጅግራ ይዘው በአንድ ጥይት የኖሩ ሰዎች ልጆች ሆነን ጥይትን እንዲህ መርጨታችን ከልቤ ያሳዝነኛል።

ባለፈው ጥቅምት ፈቃድ በዕጣ ደርሶኝ ተራራ ወጣን። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ አንድ ትልቅ ወንድ ከጥዱ ወጥቶ ቆመ። ርቀቱን ለካሁት፤ 240 ሜትር። ተንበርክኬ አምስት ጥይት ተኩሼ አምስቱንም ሰሃኑ ውስጥ የማገባው እስከ 150 ሜትር ነው። ፊቱም ወደ እኔ ነበር። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። መጠበቂያውን አልከፈትኩም። ትንሽ አየንና ወደ ጥዱ ተመለሰ።

ማታ ለአጎቴ ደወልኩ።

"ምን ይዘህ ገባህ?"

"ምንም፣ ጋሼ። ራቀብኝ። ፊቱም ወደ እኔ ነበር፤ አልተኮስኩም።"

"ደግ። ነፋሱስ?"

"ከእሱ ወደ እኔ።"

"ታዲያ ለምን አልቀረብክም?"

"ገላጣ ሜዳ ነው፣ ጋሼ።"

"ሣር የለውም?"

ሣር ነበረው፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ። በተከታዩ ቅዳሜ ሰሃኑን ከሰቀልን በኋላ ጠመንጃውን ባዶ አድርጌ መሬት ላይ ተኛሁ። ባልደረባዬ ቆሞ እያየኝ ስልሳ እርምጃ በደረቴ ተሳብኩ።