«አሚኖ ነው እማማ»

ክብር «ጡንቻ ይገነባል» ብለው በምግብ መሀል የአሚኖ ዱቄት እየበጠበጡ በየሁለት ሰዓቱ ጡንቻቸውን ለሚቀልቡ ወንድሞቻችን ይሁን። እኛ ሰነፎቹ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ብለን እናቆማለን። እነሱ ግን ከቁርስ እስከ ምሳ ለሚራበው ጡንቻ አዘኑለት። ማን ያስብለት ነበር?

ባለፈው ቅዳሜ ለቅሶ ቤት አንዱ አጠገቤ ተቀመጠ። ሸሚዙ ክንዱ ላይ ሊፈነዳ ደርሷል። ንፍሮ እየዞረ ነው፤ ስንዴና ሽምብራ፣ ገና ትኩስ። ልጁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ይቅርብኝ፣ ካርቦሃይድሬት ነው» አለ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። አላርም ኖሯል። ከቦርሳው ሼከር አወጣ፣ ሮዝ ዱቄት ጨመረ፣ ውሃ አፈሰሰና ይንጠው ጀመር። ውስጡ ያለችው የሽቦ ኳስ እንደ ጸናጽል ታንሿሿለች። አልቃሾቹ ዝም አሉ። ቄሱ ዞረው አዩ። ከኋላ የነበሩ አንድ አባት ማኅሌት የተጀመረ መስሏቸው ብድግ አሉ።

«ምንህን አሞህ ነው ልጄ?» አሉ በወዲያ በኩል የተቀመጡት እማማ።

«አሚኖ ነው እማማ።»

«አሜን ልጄ፣ አሜን። ይማርህ።»

«ሦስት ናቸው» ብሎ ቀጠለ። «ሊውሲን፣ አይሶሊውሲን፣ ቫሊን።»

እማማ ለሦስቱም አሜን አሉ።

ብልህነቱን አድንቁልኝ። አሚኖ አሲድ ማለት ፕሮቲን የሚገነባበት ጡብ ነው። ሰውነት ራሱ የማይሠራቸው ዘጠኝ አሚኖ አሲዶች አሉ፤ የልጁ ሦስቱ ከነሱ ናቸው። ጡንቻ ለመገንባት ዘጠኙም ያስፈልጋሉ። ሊውሲን «ሥራ ጀምሩ» ብሎ ይደውላል፤ ድንጋይና ሲሚንቶው ካልመጣ ግን ግንበኛው ምን ሊሠራ ነው? ሮበርት ዎልፍ የተባለ ተመራማሪ በፈረንጆቹ 2017 ይህንኑ ጽፎታል። ታዲያ ዘጠኙ የት ነበሩ? ሳህኑ ላይ! ስንዴ ከዘጠኙ ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል፣ ሽምብራው ይሞላለታል። ሽምብራ ደግሞ ሜቲዮኒን የሚባለው ያንሰዋል፣ ስንዴው ይሞላለታል። ጀግናችን ስድስቱን ንፍሮው ውስጥ ትቶ ሦስቱን ከባሕር ማዶ አስመጣ።

ደግሞስ ጡንቻ ይጠግባል። ደህና አድርጎ ከበላ ግንባታው ለሁለት ሰዓት ያህል ከፍ ይልና ይረግባል፣ ደም ውስጥ አሚኖ አሲድ ቢትረፈረፍም። የተረፈው ይቃጠላል፤ ናይትሮጅኑ ዩሪያ ሆኖ በሽንት ይወጣል። ገበሬው ዩሪያ ፍለጋ ሲንከራተት የኛ ልጆች በየመጸዳጃ ቤቱ በነጻ ያፈሱታል። ይህን የመሰለ የግብርና ባለውለታ እንዴት ሳይሸለም ቀረ?

እዚህ ላይ ግን ሽሙጡ ይቅር። የእህቴ ልጅ 19 ዓመቱ ነው። እናቱ እንጀራ ሸጣ የምትሰጠውን የምሳ ብር አጠራቅሞ ይህን ዱቄት ይገዛል። የሚሸጥለት አሰልጣኙ ነው። ከቆርቆሮ በማንኪያ ቀንሶ፣ በፌስታል ቋጥሮ፤ ስም የለው፣ የሚያበቃበት ቀን የለው። ልጁ ምሳውን ሳይበላ «በምግብ መሀል» ይጠጣዋል። የየትኛው ምግብ መሀል? በፈረንጆቹ 2018 የወጣ፣ 49 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና አለ። ብረት የሚገፋ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ካገኘ፣ ከዚያ በላይ መጨመሩ ጡንቻውን እምብዛም አይረዳም ይላል። እንቁላልህን ብላ፣ ሽሮህን ጨርስ ማለት ምን ይከብድ ነበር? ትርፍ የለውማ! ከልጅ አፍ ምሳ የሚነጥቅ ሌባ እንጂ አሰልጣኝ አይባልም።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። እውነቱን ለመናገር፣ ዘጠኙ የተሟሉበት ዱቄት ቢሆን ኖሮ እዚያ ከተቀመጥነው ሁሉ የሚጠቅመው ለእማማ ነበር። ዕድሜ ሲገፋ ሆድ ትንሽ ይበቃዋል፣ ጡንቻም በትንሹ አልነቃ ይላል። ልጁ ክፉ አይደለም፣ «ይቅመሱት» ብሎ ሼከሩን ሰጣቸው። ፉት አሉ። ፊታቸው ጭምድድ አለ።

«ኮሶ ነው እንዴ? ስንት ገዛኸው?»

ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው ነገራቸው። እማማ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ለቅሶውን እንደ አዲስ አነሱት። ነገሩ ያልገባቸው ሴቶችም ተከተሏቸው።