ሩዝቬልት የባንክ ተቀማጭ አልወረሰም

ሰሞኑን በድሬዳዋ ነጋዴዎች መካከል የሚዘዋወረው አስተያየት ባጭሩ፣ «በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ባንኮችን ዘግቶ የሕዝቡን ተቀማጭ ወርሷል፤ እናንተም ገንዘባችሁን አውጡ» የሚል ነው። ጸሐፊው ለወገን አስበው እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ሆኖም ሁለት የተለያዩ እርምጃዎችን ደባልቀዋል።

ባንኮቹ እ.ኤ.አ. ከማርች 6 ቀን 1933 ጀምሮ የተዘጉት ሒሳባቸው እንዲመረመር ነበር፤ ጤናማ ሆነው የተገኙት ከማርች 13 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ፣ በፍርሃት ገንዘቡን ያወጣው ሰው መልሶ ለማስገባት ተሰለፈ። ሳይከፈቱ በቀሩት ባንኮች ያስቀመጡ ሰዎች መጎዳታቸው አይካድም፤ ያ ግን የባንኮቹ ኪሳራ እንጂ የመንግሥት ውርስ አልነበረም። እንዲያውም በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከጃንዋሪ 1934 ጀምሮ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 2,500 ዶላር የሚደርስ ዋስትና ተሰጠ። በግዴታ የተሰበሰበው ወርቅ ነው፤ ለእሱም በአንድ አውንስ 20.67 ዶላር ተከፍሏል። የትእዛዙ ቁጥር 6102 ስለሆነ፣ ሙሉ ቃሉን ፈልጎ ማንበብ ይቻላል።

የሚያሳስበኝ የቀፊራ ገበያ ቸርቻሪ ይህን አምኖ የሱቁን ገንዘብ ፍራሽ ሥር እንዳያደርገው ነው። ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ቤት ከነንብረቱ ሲጠርግ ያየች ከተማ ናት። ባገራችንም እስከ 100,000 ብር የሚሸፍን የተቀማጭ ገንዘብ መድን ስላለ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ስለ አሠራሩ ባንካችሁን ጠይቁ።